የዳዶው ሚዜ

ሞረድ የሚለውን ስም ያወጣለት ሸሪኩ ቀጮ ነው። አንዲት ደንበኛ የብስክሌቷን ጎማ ነገር ጠይቃ የዓመት ተግሳጽ ተቀብላ ስትወጣ፣ «ይሄ ሰው አይናገርም፣ ይፈገፍጋል እንጂ» አለ። ስሙ በዚያው ጸደቀ። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት መታወቂያውና ሚስቱ ብቻ ነበሩ፤ ሚስቱም ከሞተች ሰባት ዓመት አልፏታል።

ሁለቱ ሃያ አራት ዓመት አብረው ብስክሌት ጠገኑ። ሱቃቸው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በልብስ ሰፊ መካከል የተሸጎጠ ነው፤ ሁለት ሰው ከቆመበት ሦስተኛው በጎኑ ካልሆነ አይገባም። መሣሪያዎቹ በቁመታቸው ተራ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ከእያንዳንዱ መሣሪያ ኋላ በጥቁር ቀለም የተሳለ ጥላ አለ። ዕቃው ከተነሳ ጥላው ብቻውን ይቀራል፣ የጎደለው ምን እንደሆነ ከበሩ ላይ ቆመው ያውቃሉ። የሳለው ቀጮ ነው። የጎደለ ነገር እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ነበር።

ከጥላዎቹ አንዱ ሦስት ወር ባዶውን ኖረ። የመሃል ጣት የሚያህል፣ ጫፉ ላይ ሁለት ቀንድ ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብስክሌት የፊት ጥርስ፣ ፔዳሉ የሚያዞረው ትልቁ ጥርሳም ክብ፣ በአምስት አጫጭር ብሎኖች ይታሰራል። ብሎኑን ከፊት በባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ያዞሩታል። መከራው ከኋላ ነው። ከኋላ ያለው ዳዶ እንደ ሌላ ዳዶ ጎን የለውም፤ ክብ ነው፣ ብረቱ ውስጥ ስለሚሰጥም ፒንሳ አይዘውም። ያለው ሁለት ትንንሽ ስንጥቅ ብቻ ነው። ከፊት ሲያዞሩት እሱም አብሮ ይዞራል። ቀኑን ሙሉ ቢያዞሩት ቀኑን ሙሉ ይዞራል። በካቻቪቴ ልያዝህ ቢሉት የብሎኑ ጫፍ መሃል ላይ ስላለ ካቻቪቴው ይንሸራተታል፤ ማረፊያውም መዳፍ ነው።

ገበያ ወጥተው መያዣ ፈልገው አጡ። ቀጮ ከተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ቆርጦ፣ ሦስት ቀን ሞርዶ አንድ ሠራ። ጫፉ ሁለት ጥርስ፣ መሃሉ ክፍት። ስንጥቁ ውስጥ ጥርቅም ብሎ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሥራው መቆም ብቻ ነው። አይዞርም፣ አይገፋም፤ ዳዶውን ከኋላ ይዞ ዝም ይላል።

«ይሄማ ሚዜ ነው» አለ ሞረድ ያን ጊዜ። «ሌላው ላብ በላብ ሲሆን አጊጦ የሚቆም።»

«ሚዜ ባይኖር አንተም አታገባም ነበር» አለ ቀጮ። «እጅህ ተንቀጥቅጦ ቀለበቱን ስትጥለው ወንበር ሥር ገብቶ ያመጣልህ ማነው?»

እውነቱን ነበር። የሞረድ ሚዜ ራሱ ቀጮ ነው፤ ቀለበቱንም ያወጣው በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ አዲስ ሱሪውን አቧራ አልብሶ ነው። መያዣው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚዜ ተባለ። «ሚዜውን አቀብለኝ»፣ «ሚዜውን የት አደረስከው» ሲባባሉ የሰማ ደንበኛ ግራ ይገባዋል። ቀጮ ከኋላ ይይዛል፣ ሞረድ ከፊት ያዞራል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ተራቸውን አልቀያየሩም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሚዜው ከቦታው ታጣ።

ቀጮ ሳጥኖቹን ገለበጠ፤ የዘይት ጨርቆቹን አንድ በአንድ አራገፈ። ሞረድ ጎማ እየነፋ ነበር።

«ቅዳሜ የዘጋኸው አንተ ነህ» አለ ቀጮ።

«ታዲያስ? እራት አድርጌ በላሁት?»

«ያ ከድልድዩ ወዲያ ያለው ጠጋኝ ሲለምንህ ሰምቻለሁ። ሰጥተኸዋል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጠዋት ጠዋት ምን ይሻልሃል?»

«የተጠየቅከውን መልስ።»

«አልወሰድኩም አልኩህ።»

«ሌባ» አለ ቀጮ።

በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ያልተባባሉት ስድብ የለም፤ ይህችን ግን ተባብለው አያውቁም። ሞረድ የመንፊያውን ቱቦ ጣለ። 

«እንግዲያው ፈልገህ ሙት» አለው።

ቀጮ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ለመፈለግ ጎንበስ አለ። ቀና ሳይል ቀረ። ሞረድ መጀመሪያ ያኮረፈ መሰለው፤ ጀርባውን ሰጥቶት ጎማውን ነፍቶ ጨረሰ። ዞር ሲል ቀጮ በጎኑ ወድቆ፣ አፉ ወደ አንድ ወገን ሄዶ፣ ዓይኖቹ የጠረጴዛውን እግር ያዩ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ የቀጮ ሚስት «እንዴት ሆነ?» ብላ ጠየቀችው።

«ጎንበስ ብሎ ዕቃ ሲፈልግ ወደቀ» አላት። ከዚህ ውስጥ አንዲት የሐሰት ቃል የለችም።

የቀረውን ለማንም አልተናገረም። ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል ሲል፣ ሞረድ ከኮሪደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ቆሞ፣ ንዴት ደም ያፈሳል ወይ ብሎ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሦስት ጊዜ ገጠመው።

ቀጮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤቱ ገባ። ቀኝ ጎኑ ሞቷል። ንግግሩም አብሮ ሄዷል፤ ከአንዲት ቃል በስተቀር። ሚስቱ ያን ቀን ስልክ ደወለች።

«ስማ ወንድሜ፣ ሚዜ ሚዜ እያለ ነው የሚውለው። ሌላ ቃል የለውም። ያንን የሠርጋችንን ሚዜ፣ ቀለም ነጋዴውን፣ አድራሻውን የምታውቅበት መንገድ አለ?»

ሞረድ ስልኩን እንደያዘ ግድግዳው ላይ ያለውን ባዶ ጥላ አየ። ቀጮ ምን እንደፈለገ ገብቶታል። ዕቃዬን መልስ እያለው ነው፤ ምላሱ ሁሉን ጥሎ ክሱን ብቻ ይዞ ቀርቷል። ይህን ለሚስትየው መንገር ደግሞ «ሌባ»ንም መንገር ነው፤ «ፈልገህ ሙት»ንም መንገር ነው።

«አላውቅም» አለ።

ሴትየዋ የዋዛ አልነበረችም። ልብስ ማጠቢያ ቤት በካውያ እንፋሎት መካከል ቆማ ልጅ ያሳደገች ናት። የሠላሳ አንድ ዓመት የሠርግ ፎቶ ይዛ ዘመድ ለዘመድ ጠየቀች፤ የዘመድ ዘመድ አስደወለች፤ በመጨረሻ ሚዜውን በሌላ ከተማ አገኘችው። እሁድ እንዲመጣ ለመነችው። ለሞረድም ደወለች።

«ተኝቶ እንዳያገኘው ወንበር ላይ አስቀምጥልኝ። እኔና ልጄ አንችለውም። አንተ ደግሞ ጠፋህ እኮ! ሸሪክ እንዲህ ነው?»

ሞረድ ሄደ። መኝታ ቤቱ ጠባብ ነው፤ አልጋው ከበሩ አጠገብ ነው፤ ከበሩ ማዶ ባለው መተላለፊያ የቀጮ ብስክሌት ግድግዳ ተደግፋለች። ቀጮን በብብቱ ይዞ ሲያነሳው ቅለቱ አስደነገጠው። ቀጮ በጎኑ አየው። ደህናው የግራ እጁ የሞረድን እጅጌ ጨምድዶ ያዘ።

«ሚዜ» አለ።

«እየመጣልህ ነው» አለች ሚስቱ በደስታ። «ትንሽ ታገስ።»

ሚዜው መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ብርቱካን በፌስታል ይዟል፣ ራሱ ላይ አንዲት ጸጉር የለም። ወንበሩ ፊት በርከክ አለ።

«ወንድሜ! እኔ ነኝ እኮ። ጸጉሬ ስለሄደ ነው እንጂ እኔ ነኝ።»

ቀጮ ሰውየውን አየው። ከዚያ በላዩ አሻግሮ ሞረድን አየ። «ሚዜ» አለ ለሞረድ።

«እዚህ ነኝ፣ እዚህ!» አለ ሰውየው።

«ሚዜ። ሚዜ። ሚዜ።» በግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ይመታ ጀመር። እጁን ወደ በሩ ይዘረጋል፣ ወደ ሞረድ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ወደ በሩ። ውጣልኝ እያለኝ ነው ብሎ አሰበ ሞረድ። 

ሚዜው እንባውን በመሐረብ ጠረገ። ከመሄዱ በፊት ደረጃው ላይ ሚስትየዋን «ተቀይሞኛል» አላት። «የእናቱ ቀብር ላይ አልተገኘሁም። ለዚያ ነው።» ብርቱካኑን ማንም አልበላውም።

ቀጮ አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። በአባቷ ብስክሌት ከመድኃኒት ቤት ወደ ሕመምተኞች ቤት መድኃኒት ታደርሳለች። እሁድ አልፎ ማክሰኞ ብስክሌቷን እየገፋች ሱቁ መጣች።

«ጋሼ፣ ካቴናው እየዘለለ ነው። ዛሬ የጭነት መኪና ፊት ሊጥለኝ ነበር።»

ሞረድ ጎንበስ ብሎ አየ። የፊቱ ጥርስ አልቆ የአሳ አጥንት መስሏል። «ይሄን ይዘሽ ነው የምትሮጪው? አባትሽ ቢያይ...» ብሎ አቆመ።

«እስከ ሐሙስ ካልደረሰልኝ ሌላ ሰው እንቀጥራለን ብለውኛል።»

«ይደርሳል። የእኔን ውሰጂ እስከዚያው። ትረዝምብሻለች፤ ስታቆሚ ፔዳሉ ላይ ቆመሽ ውረጂ።»

አዲስ ጥርስ ነበረው። አሮጌውን ማውጣት ብቻ ነው የቀረው። ቁልፉን ከፊት አስገብቶ አዞረ፤ ዳዶው ከኋላ አብሮት ዞረ። ጣቱን ጫነበት፤ ዞረ። በካቻቪቴ ያዘው፤ ተንሸራቶ መዳፉን ከአውራ ጣቱ ሥር ሰነጠቀው። እጁን በዘይት ጨርቅ ጠቅልሎ ከድልድዩ ወዲያ ወዳለው ጠጋኝ ሄደ። ኩራቱን ያስዋጠው የልጅቷ ሐሙስ ነው።

ጠጋኙ ከት ብሎ ሳቀ። «ሚዜያችሁን? እኔ ጋ? አሥር ዓመት ለምኜ እንኳን ሊሰጠኝ፣ በዓይኔ እንዳየው ፈቅዶልኝ አያውቅም ያ ቀጮህ!»

«ሌላ መያዣ የለህም?»

«እኔ በመሮ ነው የምፈልጠው። አምስት ለማውጣት አምስት እሰብራለሁ። ደንበኛው ምን ያውቃል?» የሞረድን እጅ አየና ሳቁን ተወ። «እንዴት ነው ሰውየው?»

«እንዳለ ነው።»

ሞረድ ሱቁ ተመልሶ ብስክሌቷን ሊገለብጣት ኮርቻውን ከሥር ያዘ። ጣቶቹ ጎማ ነኩ። ከኮርቻው ሥር፣ ከሽቦዎቹ መካከል፣ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቀጭን ላስቲክ ሦስት ዙር ተጠምጥሟል። ቋጠሮው የቀጮ ነው፤ እንደዚያ ጫፉን ወደ ውስጥ የሚሸጉጥ ሌላ ሰው አያውቅም። ፈታው። ሚዜው መዳፉ ላይ ወደቀ።

ያን ጊዜ ቅዳሜዋ ትዝ አለችው። ቀጮ ሲወጣ፣ «የልጅቷ ብስክሌት ጥርስ ይወዛወዛል፣ ቤት ጠበቅ አደርገዋለሁ» ብሎ ነበር። ወስዶታል። እንዳይጠፋ ኮርቻዋ ሥር አስሮታል። ረስቶታል። ሰኞ መጥቶ ሌባ አለው።

ሞረድ ሱቁን ዘግቶ ሚዜውን ጨብጦ ወጣ። ብሎኖቹን አልነካም። በመንገዱ ሁሉ የሚለውን አዘጋጀ። ማነው ሌባው? አሁን ንገረኝ፣ ማነው? አስፋልቱን ሲሻገር ንግግሩ ረጅም ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ግማሽ አልቀረውም። መኝታ ቤቱ ገብቶ፣ አንሶላው ሥር እንደ እንጨት የተጋደመውን እግር ሲያይ ከነጭራሹ አለቀ። ሊሞት ያለ ሰው በሐሰት ሰው ወነጀልክ ተብሎ ምን ይጠቀማል? እውነት ከእሱ ጋር እንደነበረች አውቆ ይሂድ። የተሻለው ይህ መሰለው።

«ሚዜውን አመጣሁልህ» አለና በግራ እጁ ላይ አስቀመጠለት።

ከቀጮ ፊት የሚንቀሳቀሰው ግማሽ ብቻ ነው። ያ ግማሽ በራ።

«እኔ ጋ ነበር» አለ ሞረድ። «ሳጥኔ ሥር። እኔ ነኝ የወሰድኩት። ልክ ነበርክ።»

የበራው ጠፋ። ቀጮ ራሱን ነቀነቀ። «ሚዜ» አለ።

«አዎ፣ ሚዜው። ይቅር በለኝ።»

ቀጮ ብረቱን የአልጋው ጠርዝ ላይ መታው። ደግሞ መታው። እጁን ወደ በሩ ዘረጋ፣ ወደ መተላለፊያው፣ ብስክሌቷ አሁን ወደሌለችበት ግድግዳ። ከዚያ ደረቱን መታ። ሞረድ ሰምቶት የማያውቅ ድምፅ ከጉሮሮው ወጣ፤ የጥጃ እምቧታ የመሰለ ልቅሶ። ሚስቱ እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ሮጣ ገባች።

«ምን አልከው?»

«ምንም።»

«ምንም ብለኸው ነው እንዲህ የሚሆነው? እሁድም አንተን ሲያይ ነው የባሰበት። ሂድልኝ ወንድሜ። ይረፍበት።»

ደረጃው ላይ ልጅቷን አገኛት፤ የእሱን ብስክሌት ተሸክማ እያለከለከች ትወጣለች።

«ደረሰችልኝ ጋሼ?»

«ነገ።»

«ኮርቻዋንም ከፍ ያድርጉልኝ በናትዎ። አባዬ ሆዱ የሚያርፈው ያኔ ነው።»

ሞረድ ቆመ። «ስለ ኮርቻዋ ምን አለሽ?»

«በምን አፉ ይለኛል? ጠዋት ጠዋት ሳስወጣት ኮርቻዋን በጣቱ እያሳየ ሚዜ፣ ሚዜ ይላል። እማዬ ሰውየውን ፈልጎ ነው ትላለች። እኔ ኮርቻሽ ዝቅ ብሏል የሚለኝ ነው የሚመስለኝ። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ! ስንሰንፍ እኮ የሚያህለን የለም።»

ሞረድ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ አመመዎት ወይ አለችው፤ አልሰማትም።

ሰውየው እየከሰሰው አልነበረም። እኔ ነኝ፣ እዚያ ነው ያለው፣ ይኸው ብሎ ለመናገር ሁለት ወር በአንዲት ቃል ሲታገል ኖሯል። ሊሰማው የሚገባው ሰው በመጨረሻ መጣለት፤ መጥቶም የለም፣ ሌባው እኔ ነኝ ብሎ አፉን ዘጋው።

ተነስቶ ወጣና በሩን አንኳኳ። ሚስትየዋ ገርበብ አድርጋ ከፈተች።

«አንድ ነገር ልንገረው። አንዲት ቃል ናት።»

«ተኝቷል። ስንት ለፍቼ ነው ያስተኛሁት። ነገ ና።»

«እትዬ...»

«ነገ አልኩህ» ብላ ዘጋችው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደረሰ። የከፈተችለት ልጅቷ ናት፤ ፊቷን አይቶ አልጠየቃትም። ቀጮ ዓይኑ ክፍት ነው፤ ዓይኑ ግን ማንንም አይከተልም። ሐኪሙ መጥቶ እንደገና ፈሷል ብሏል። አንዲቷ ቃልም ሄዳለች። ግራ እጁ ሚዜውን ጨብጦ ደርቋል።

ሞረድ ተንበርክኮ አፉን ጆሮው ላይ አደረገ። «አንተ ነህ የወሰድከው» አለው። «ኮርቻዋ ሥር አስረህ ረሳኸው። አግኝቼዋለሁ። ትናንት የነገርኩህ ውሸት ነው። ሰማኸኝ? ዝንጉ ነህ እንጂ... ሰማኸኝ ወይ?» እጁን አየ። እጁ አልተንቀሳቀሰም። ዘጠኝ ቀን እየመጣ ይህንኑ ነገረው፤ ዘጠኝ ቀን እጁን ጠበቀ። በዐሥረኛው ቀን ቀጮ ሞተ።

ልጅቷ ያን ሁሉ ቀን በሞረድ ብስክሌት ሠራች፤ ስታቆም ፔዳሉ ላይ ቆማ ትወርዳለች። የእሷ ሱቁ ውስጥ ከነአሮጌ ጥርሷ ተገልብጣ ቆየች። ሞረድ ሌላ መያዣ ሞርዶ መሥራት ይችል ነበር። አልሠራም።

ከቀብሩ በአራተኛው ቀን የቀጮ ሚስት ሱቁ መጣች። ከቦርሳዋ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ፈታችው።

«ጣቶቹን ስናላቅቅ ነው ያገኘነው። ያንተ ነው? ምንድን ነው ይሄ?»

መልሱን ሳትጠብቅ ግድግዳውን አየች። ባዶውን ጥላ አገኘችውና ብረቱን ጠጋ አድርጋ ለካችው። ልክክ አለ።

«ስሙ ማነው?»

መያዣ ነው ማለት ይችል ነበር። ግን አንድ ጊዜ ዋሽቶ አይቶታል።

«ሚዜ» አለ።

ሴትየዋ የደንበኛ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ሞረድ ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ ቅዳሜዋን፣ «ሌባ»ን፣ «ፈልገህ ሙት»ን፣ ጀርባውን ሰጥቶ የነፋውን ጎማ፣ ኮርቻዋን። አላቋረጠችውም። የጎረቤቱ ፎቶ ኮፒ ማሽን ወረቀት ሲውጥና ሲተፋ ይሰማ ነበር።

«ያን ምስኪን ሰውዬ» አለች በመጨረሻ፣ «በአውቶቡስ ከዚያ ድረስ አስመጥቼ...» ልትስቅ ነበር፤ አልሆነላትም። «አንተ ታውቅ ነበር። ስልክ ስደውልልህ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ያን ቀን አልነገርከኝም እንጂ ልጄን ኮርቻዋን እይ እላት ነበር። በማግስቱ ያልቅ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እየለመነን...»

 ሴትየዋ ተነስታ መሐረቧን አጣጠፈች። በሩ ላይ ሆና ወደ ብስክሌቷ እያየች፣ «ጨርሳት። ልጅቷ ትፈልጋታለች» አለችና ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሱቁን አልረገጠችም።

ሞረድ ሚዜውን በግራ እጁ፣ ቁልፉን በቀኝ እጁ ያዘ። ከኋላ ይዞ ከፊት ማዞር ለብቻው ሠርቶት አያውቅም፤ ክንዶቹ ተጠላለፉ። የመጀመሪያው ብሎን ጮሆ ተላቀቀ። ሁለተኛው ቀለለ። ሦስተኛውና አራተኛው ተከተሉ። አምስተኛው ሲወጣ ዳዶው ከጣቱ አምልጦ ወለሉን መታ፣ ተንከባለለና ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ገባ።

ሞረድ የጠረጴዛውን ጠርዝ አጥብቆ ይዞ ጎንበስ አለ።